እርሳስን በእርሳስ መፈተን

በዚህ ዓመት ገራዶ በሚገኘው ቤታችን የሠራሁትን አንድ ትንሽ ሙከራ፣ ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅማል ብዬ ስለ አሰብሁ ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

አያቴ ከአያታቸው የወረሱት የቆዳ ከረጢት አላቸው። በውስጡ ሁለት የውጅግራ አረሮች ይገኛሉ። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት የ11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ሠራዊታችን ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር። አረሩ የእርሳስ ነው። አያቴም ለእንግዳ ሲያሳዩ፣ «ጥርስ ከገባበት ንጹሕ ነው፤ ካልገባበት ድብልቅ ነው» እያሉ ነከስ ያደርጉት ነበር።

አንድ ቀን የ4 ዓመት ወንድሜ ይህንኑ አይቶ አረሩን አፉ ውስጥ ከትቶ አገኘሁት። እርሳስ ግን መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ስለዚህ አያቴን «ይተዉት» ከማለት ይልቅ ጥርስን የሚተካ መፈተኛ ለመፈለግ ተነሣሁ።

ንጹሕ እርሳስ በጥፍር እንኳ የሚጫር ለስላሳ ብረት ነው። አንቲሞኒ ወይም ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት ይጠነክራል። (ቆርቆሮ ስል የቤቱን ክዳን ሳይሆን ለብየዳ የሚያገለግለውን ነጭ ብረት ነው።) ጭቃ ብቻውን ሲመረግ ይፈርሳል፤ ጭድ ሲገባበት ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። በእርሳስ ውስጥ የሚበተኑት የአንቲሞኒ ቅንጣቶችም እንደዚሁ ለስላሳውን ብረት እንዳይንሸራተት ይይዙታል። በቀድሞ ማተሚያ ቤቶች የፊደል መልቀሚያ መኪና ይጠቀምበት የነበረው ብረት ከ100 እጅ 84ቱ እርሳስ፣ 12ቱ አንቲሞኒ፣ 4ቱ ቆርቆሮ ነበር። ፊደሉ በማተሚያው ግፊት እንዳይደፈጠጥ ጥንካሬ ያስፈልገዋልና።

የስዊድኑ መሐንዲስ ብሪኔል በ1900 እ.ኤ.አ. ጥንካሬን በቁጥር የሚለካበትን ዘዴ አሳወቀ። ይኸውም ጠንካራ ኳስ በታወቀ ክብደት ብረቱ ላይ ተጭኖ የሚተወውን ጉድጓድ መለካት ነው። በዚህ ልክ ንጹሕ እርሳስ 5 ያህል፣ የፊደሉ ብረት ደግሞ 22 ያህል ነው። እኔ ግን ይህ መኪና ስለሌለኝ በመጻፊያ እርሳስ ተጠቀምሁ።

የመጻፊያው እርሳስ ስሙ ነው እንጂ እርሳስ የለበትም፤ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ሸክላው በበዛ ቁጥር ይጠነክራል። ከሥዕል መምህራችን ከ6ቢ እስከ ኤች ያሉትን ተዋስሁ፤ 6ቢ ለስላሳው፣ ኤች ጠንካራው ነው። የእያንዳንዱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ አደረግሁ። የአረሩን ዝገት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ከዚያም ከለስላሳው ጀምሬ እርሳሱን አጋድሜ ወደ ፊት ገፋሁት። ብረቱን ሳይቆርጥ የሚንሸራተት ከሆነ ቀጥሎ ያለውን አነሣለሁ። መጀመሪያ የቆረጠው የጥንካሬው ምልክት ነው። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ደገምሁት።

ለማመሳከሪያ ከቤተ ሙከራችን የተዋስሁትን ንጹሕ የእርሳስ ቁራጭ 6ቢ ቆረጠው። ደሴ ከአንድ ጋራዥ ያገኘሁትን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ግን የቆረጠው 2ቢ ነው። ከአረሮቹ አንዱን 6ቢ፣ ሁለተኛውን 2ቢ ቆረጣቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ንጹሕ፣ ሁለተኛው ድብልቅ መሆኑ ነው። ነገር ግን ጥንካሬ ምን እንደ ተቀላቀለ ወይም ማን እንዳቀለጠው አይነግርም፤ ለዚያ የኬሚስትሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ይህን ለመሞከር የምትፈልጉ ሁሉ፣ እርሳስ በቤት ውስጥ ከቶ አታቅልጡ፤ ጢሱና ትቢያው ይመርዛልና። በደረቁም አትፈግፍጉት። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጨርቁንም ከሕፃናት አርቁ።

ውጤቱን ለአያቴ ሳሳያቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ ይመስሉኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ከረጢቱን ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖሩና፣ «እንግዲህ የቀረችኝን ጥርስ አሳረፍክልኝ» ብለው መረቁኝ።