የወጣቱ የማዕርግ ዕድገት ሲያከራክር



«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አበው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ አንድ የስካውት አባል የሆነ ወጣት ወደሚቀጥለው ማዕርግ ይለፍ ወይስ ይቆይ የሚል ነው። ከሥሩ ሲመረመር ግን ታላላቆች በተናገሩት ቃል መጽናታቸውን ወይም አለመጽናታቸውን ወጣቱ በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ ሆኖ ይገኛል። በአሜሪካ ብዙ የካቶሊክ ቁምስናዎች የስካውት ቡድኖችን በኃላፊነት ያቅፋሉ። ወደዚያ አገር ሄደው ልጆቻቸውን በእነዚህ ቡድኖች የሚያስመዘግቡ ቤተሰቦቻችንም ክርክሩ ሲነሣ የት ሄደው ማንን እንደሚጠይቁ ይቸገራሉ። ስለዚህ የዚያን አገር ሥርዓት ይዘን ነገሩን በየተራ እንመልከት።

፩. ማዕርግ ለምን ተሠራ?

የስካውት እንቅስቃሴ የተጀመረው ሎርድ ባደን ፖወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት 20 ያህል ልጆችን ሰብስበው ባካሄዱት የሠፈር ኑሮ ነው። በ1910 በአሜሪካ ተቋቋመ፤ በ1912 ደግሞ አርተር ኤልድሬድ የተባለ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የኢግል ማለትም የንስር ስካውት ማዕርግ አገኘ። የአሜሪካው ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ልጃገረዶችንም በዚሁ የማዕርግ መንገድ ያሳልፋል፤ በ2025ም ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎ ለውጧል።

ማዕርጎቹ ሰባት ናቸው፤ ስካውት፣ ቴንደርፉት፣ ሰከንድ ክላስ፣ ፈርስት ክላስ፣ ስታር፣ ላይፍና ኢግል ይባላሉ። ለመጨረሻው ማዕርግ 21 የችሎታ ዓርማዎች ያስፈልጋሉ። ከዚህም በላይ ወጣቱ በላይፍ ማዕርግ ቢያንስ 6 ወር መቆየት፣ በኃላፊነት ማገልገልና ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም አንድ ሥራ አቅዶ ሌሎችን እያስተባበረ መፈጸም አለበት። ይህ ሁሉ 18ኛ ዓመቱን ሳይደፍን መጠናቀቅ ይኖርበታል። ብዙው ክርክር በመጨረሻዎቹ ወራት የሚነሣውም ስለዚህ ነው።

የማዕርግ ዓላማ ግን በልብስ ላይ የሚሰፋው ምልክት አይደለም። ድርጅቱ ራሱ የዕድገት ዋና ግብ የወጣቱ ሰብአዊ ብስለት መሆኑን ይገልጻል። መንገዱም አራት ደረጃዎች አሉት፤ ወጣቱ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ይገመገማል፣ ዕውቅና ይሰጠዋል።

፪. ክርክሩ ከየት ይነሣል?

ብዙውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች ይነሣል። አንደኛው «በቂ ተሳትፎ የለውም» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የተሰጠውን ኃላፊነት በሚገባ አልተወጣም» የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ መሪው በወጣቱ ጠባይ ላይ ያለው ቅሬታ ነው። ሦስቱም በቁጥር የሚለኩ አይደሉምና ለግል ስሜት በር ይከፍታሉ።

ስለዚህ ሥርዓቱ አንድ ጽኑ መሠረት አስቀምጧል። ማንም መሪ፣ ኮሚቴ ወይም ምክር ቤት ለማዕርግ በተደነገጉት መመዘኛዎች ላይ አንዳች የመጨመርም ሆነ የመቀነስ ሥልጣን የለውም። መጨመር ወጣቱን ይበድላል፤ መቀነስም ይበድለዋል፤ ያልሠራበትን ክብር የተሸከመ ወጣት ውስጡ ያውቀዋልና።

ከዚህ መሠረት የሚከተሉት ይወለዳሉ፦

ሀ) የተፈቀደለት አማካሪ መርምሮ የፈረመበትን የችሎታ ዓርማ የቡድኑ መሪ እንደገና አይፈትንም።

ለ) ወጣቱ ከመሪው ጋር የሚያደርገው ውይይት ፈተና አይደለም። ከወጣቱ የሚጠየቀው በውይይቱ መሳተፍ እንጂ ማለፍ አይደለም።

ሐ) ገምጋሚው ጉባኤ ከ3 እስከ 6 ሰዎች ይኖሩታል። ወላጆችም ሆኑ የቡድኑ መሪዎች በአባልነት አይቀመጡበትም፤ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት። ጉባኤው ወጣቱ እንዴት እንዳደገ ይመረምራል እንጂ የተማረውን ትምህርት ደግሞ አይፈትንም።

መ) ስለ ተሳትፎ ሲጠየቅ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፤ በአባልነት መመዝገቡ፣ በቡድኑ ዘንድ በመልካም አቋም መገኘቱና ቡድኑ አስቀድሞ ያስታወቀውን ምክንያታዊ የተሳትፎ መጠን ማሟላቱ ናቸው። ከመጠኑ ቢያንስ እንኳ በቂ ምክንያት እንዳለው ይጠየቃል።

፫. አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ሁኔታ በሐሳባችን እንሳል። 18 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ወጣት ለስድስት ወራት የቡድኑ ዕቃ ኃላፊ ነበር። ድንኳኑንና የማብሰያ ዕቃውን ሲቆጣጠር ቆይቷል፤ በክረምቱ ወራት ግን በርካታ ስብሰባዎች አምልጠውታል። እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ታናናሾቹን የሚጠብቅ እርሱ ነበር። ይህን ለመሪው አልነገረም። መሪውም አልጠየቁትም። ወረቀቱን ይዞ ሲቀርብ «ኃላፊነትህን አልተወጣህም፤ አልፈርምም» አሉት።

አባት ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። «ልጄን የናቁት እኛ እንግዶች ስለሆንን ነው» ይላል፤ ስልክም ያነሣል። ልጁ ግን «አባባ፣ እባክህ ቆይ፤ መጀመሪያ እኔ ራሴ ልጠይቃቸው» ይላል። በዚህች ሰዓት ከሁሉም የበሰለው ልጁ ነው። አባት ስልኩን ቢያስቀምጥ ልጁን ማዕርጉ ራሱ ሊያስተምረው የፈለገውን ነገር ያስተምረዋል።

መሪውስ? ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ከዕቃ ኃላፊው ምን እንደሚጠበቅ በመጀመሪያው ቀን ነግረውታል? ሲጓደል ወዲያው ጠርተው አስጠንቅቀውታል? እንዲያሻሽል ጊዜ ሰጥተውታል? ይህን ሁሉ አድርገው ወጣቱ ችላ ብሎ ከሆነ፣ እምቢታቸው ፍትሐዊ ነው፤ በቀረው ጊዜ ምን ቢሠራ እንደሚበቃ ግን ለይተው ሊነግሩት ይገባል። ምንም ሳይናገሩ ቆይተው በስድስተኛው ወር መጨረሻ «ወድቀሃል» ማለት ግን ተገቢ አይደለም። መመሪያውም መሪና ወጣት ሲለያዩ የተጠበቀው ነገር ከመጠን ያለፈ ወይም በግልጽ ያልተነገረ እንዳይሆን ይመርመር ይላል። ያልተነገረ መመዘኛ መመዘኛ አይባልም፤ ወጥመድ ይሆናል።

፬. የመፍትሔው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ወጣቱ ራሱ ከመሪው ጋር በአክብሮት ይነጋገር። «የቱ መመዘኛ ነው የጎደለኝ? ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ይህ ካልሆነ ወላጅና ወጣት ከመሪውና ከቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር ይቀመጡ። የመመዘኛው መጽሐፍ በጠረጴዛው ላይ ይከፈት፤ ክርክሩ ስለተጻፈው ቃልና ስለተሠራው ሥራ እንጂ ስለ ሰዎቹ ጠባይ አይሁን። ቡድኑን ያቀፈው ቁምስና ከሆነ ቆሞሱ ወይም ወኪላቸው ሁለቱንም ወገን ሰምተው ያቀራርቡ፤ ማዕርግ ግን አይስጡ፣ አይከልክሉም።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩ የኢግል ማዕርግ ሆኖ መሪው ወይም የኮሚቴው ሰብሳቢ አልፈርምም ካሉ፣ ወይም ወጣቱ በቡድኑ ውስጥ ትክክለኛ ዳኝነት አላገኝም ብሎ ካመነ፣ እርሱ ወይም ወላጁ በወረዳ ወይም በአካባቢው ምክር ቤት ደረጃ ልዩ ገምጋሚ ጉባኤ እንዲሰየምለት ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ጉባኤ ከራሱ ቡድን ማንም አይቀመጥም።

አራተኛ፣ ጉባኤው ካላጸደቀው ምክንያቱና ሊስተካከል የሚገባው ነገር በጽሑፍ ይሰጠዋል። ይግባኝ የማለት መብት ያለው ወጣቱ ወይም ወላጁ ብቻ ነው፤ የኢግል ማዕርግ ይግባኝ እስከ ብሔራዊው ድርጅት ሊደርስ ይችላል።

ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ሌሎቹ መመዘኛዎች ከ18ኛው የልደት ቀን በፊት ከተፈጸሙ ግን ግምገማው ከዚያ በኋላ ሊደረግ እንደሚችል እናስታውስ። ስለዚህ በችኮላ ከመጣላት የተሠራውን ሥራ፣ ቀኑንና ፊርማውን በሥርዓት መሰብሰብ ይበልጣል።

፭. ማሳሰቢያ

ለወላጆች፦ የልጃችሁን ጥያቄ ደግፉ እንጂ አትውረሱት። ማዕርጉ የእናንተ ከሆነ ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል።

ለመሪዎች፦ የምትጠብቁትን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ጉድለቱን ባያችሁበት ሳምንት አሳዩ። ስታጠፉም «እኔ አልነገርኩህም ነበር» ለማለት አትፈሩ። ወጣቱ ከዚህች አንዲት ቃል የሚማረው ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ለወጣቶች፦ ሥራችሁን በጽሑፍ ያዙ፤ ስትቀሩም ምክንያታችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። ዝምታ ትሕትና የሚመስላችሁ ጊዜ አለ፤ ሌላው ግን ቸልተኝነት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በእንዲህ ያለ ክርክር መሪም ወላጅም አሸናፊ ሊባሉ ይችላሉ፤ ወጣቱ ግን ቂም ይዞ ከማኅበሩ ከወጣ ሁሉም ተሸንፈዋል። ማዕርጉን ቢያገኝም ቢያጣም «በእውነት መዝነውኛል» ብሎ ከሄደ ግን የስካውት ትምህርት በእርሱ ዘንድ ተፈጽሟል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ወይም በማኅበራችን ከወጣቶች የምንጠብቀውን አስቀድመን እንነግራቸዋለን?

2. በምሳሌው ያየነው ወጣት፣ አባቱና መሪው እያንዳንዳቸው ምን ቢያደርጉ ክርክሩ ሳይነሣ ይቀር ነበር?

3. ላልሠራ ወጣት ክብር መስጠት ደግነት ነውን? ለምን?