ጎማውና ሥዕሉ

የእጅ ፓምፕ ሲበላሽ ጥገና ሠራተኛው በሞባይሉ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ «ጎማው አልቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ «ደህና ነው» ይላል፤ ሌላው ያንኑ ጎማ አይቶ «አልቋል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ፊደል ብናውቅም «አልቋል» የሚለውን ቃል ሁላችንም በአንድ ልክ አንረዳውም።

ስለዚህ ከጥያቄው ሥር 2 ሥዕሎች ይግቡ እንላለን፤ አንዱ የደህና ጎማ፣ ሌላው ጠርዙ የተበላ። ሠራተኛው የፈታውን ጎማ አጥቦ የትኛውን እንደሚመስል ያያል።

እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ውሃ የሚስበውን አፍሪዴቭ ፓምፕ እንውሰድ። የፒስተኑ ጎማ ሲያልቅ የሚወጣው ውሃ ያንሳል። የታችኛው ቫልቭ ጎማ ሲያልቅ ግን ፓምፑ ባረፈ ቁጥር ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ እጀታውን ደጋግመን ካልጫንነው አይመጣም። ሁለቱ ጎማዎች ቅርጻቸው ለየቅል ነው። ስማቸው ከተምታታ የማይሆነው ጎማ ይላክልናል። እስኪቀየር ድረስ ሴቶቻችን ጀሪካን ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ፤ ያልፈላ የወንዝ ውሃ ደግሞ ልጆቻችንን ተቅማጥ ያስይዛል።

ሥዕልም ጉድለት አለው፤ መጠን አይናገርም። ጎማውን ፎቶ ስናነሳ አጠገቡ የክብሪት ቀፎ እናስቀምጥ። የሌላ ዓይነት ፓምፕ ሥዕል ከሚገባማ ባይኖር ይሻላል። ሥዕሉም አስቀድሞ ስልኩ ላይ ይጫን፤ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ኔትወርክ መጠበቅ አያዋጣም።