ሽቦን መለካት ያስተማረ ኩባንያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ማንም አያየውም። በሽፋኑ ላይ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ እኛም አምነን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንሰካበታለን። ለመሆኑ ጽሑፉ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? የኬብል ኢንዱስትሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘው በብዙ ኪሳራ ስለሆነ፣ የአንድ ቀደምት ኩባንያን ታሪክ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1857 አውሮፓንና አሜሪካን በባሕር ሥር የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ኬብል ሲሠራ፣ የውጭውን የብረት ጥምጥም ሁለት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ግማሽ ግማሹን ተካፈሉ፤ እነርሱም የግሪኒቹ ግላስ ኤሊየትና የበርከንሄዱ ኒዋል ነበሩ። ሁለቱ ፋብሪካዎች ብረቱን የጠመዘዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር! ዛሬ ሲነገር ቀልድ ይመስላል።

ትልቁ ችግር ግን በመዳቡ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በዚያው ዓመት የገበያ መዳብ ሽቦዎችን ሲለካ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅማቸው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ልክ ተለያየበት። እንደ አርሰኒክ ያለ ባዕድ ንጥረ ነገር በጥቂቱም ቢሆን መዳብ ውስጥ ሲገባ የኤሌክትሮኖችን ጉዞ ያውካልና።

ኬብሉ በኦገስት 1858 መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ። ምልክቱ ደካማ ስለነበር ኤሌክትሪክ ባለሙያው ዋይልድማን ኋይትሃውስ ወደ 2000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ለቀቀበት። ቀድሞም እንከን የነበረበት ሽፋን አልቻለም፤ ኬብሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ጸጥ አለ።

በ1864 ግላስ ኤሊየት ከሽፋን ሠሪው ከጉታ ፐርቻ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ፣ በአጭሩ ቴልኮን የሚባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ጉታ ፐርቻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው። ቴልኮን በሠራው ኬብል በአንድ የባሕር ማይል የሚገባው መዳብ ከ49 ወደ 136 ኪሎ ግራም ገደማ አደገ፤ የመዳቡ ጥራት በውል ተወሰነ፤ ሽቦውም ከመሸፈኑ በፊት ይለካ ጀመር። በጁላይ 1866 መስመሩ ተሳካ። በአገራችን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ዝርጋታ የተጀመረው ከዚህ 28 ዓመት በኋላ፣ በ1894 ነው።

አሁን ወደ ግድግዳችን እንመለስ። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 0.0172 ኦም ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ሽቦ 0.69 ኦም ሬዚስታንስ ይኖረዋል። 1.5 ሆኖ 2.5 ተብሎ የተሸጠ ከሆነ ግን 1.15 ኦም ይሆናል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ የሚፈጠረው ሙቀት ከ1.8 ወደ 2.9 ዋት ያድጋል። ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ታፍኖ ስለሚውል ይህ ሙቀት ቀስ በቀስ ሽፋኑን ያደርቀዋል።

ፍተሻው በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይቻላል። ገና ያልተዘረጋ የ100 ሜትር ጥቅል ውሰዱ፤ ከባትሪ 1 አምፔር አሳልፉበትና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ንባቡ 0.7 አካባቢ ከሆነ ሽቦው እንደተጻፈበት ነው፤ 1.1 ከሆነ ለሻጩ መልሱለት።