«ሃያ ሰባት» እና «ሰባ»፦ በእህል ግዥና ርክክብ ጊዜ ስለ እጅ ሬዲዮ አዘገጃጀትና አጠቃቀም





በአዲስ ከተማ፣ በመሳለሚያ አካባቢ ወደሚገኘው እህል በረንዳ እህል ሊገዛ የሄደን ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ጩኸት ነው። ከየአገሩ የመጡ የጭነት መኪኖች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ያራግፋሉ፤ ጫኝና አውራጆች ከነሸክማቸው «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ፤ በሚዛን ላይ የቆመው ቆጣሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁጥር ይጠራል፤ ደላላው በሌላ ወገን ሌላ ቁጥር ይጠራል። ለነዳያን ምገባ፣ ለሰንበቴ ወይም ለተቸገሩ ወገኖች ርዳታ እህል የሚገዙ አጥቢያዎች የምእመናንን ገንዘብ ወደ እህል የሚለውጡት በዚህ ጩኸት መካከል ነው። በሚዛኑ፣ በመኪናውና በመጋዘኑ የተሰማሩ አገልጋዮች እንዲደማመጡ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ቢገዛ ይጠቅም እንደ ሆነ በየጊዜው እንጠየቃለን። በዚህ ጽሑፍ መልሳችንን እናቀርባለን፤ መልሱን ግን ከራሳችን ስሕተት እንጀምራለን።

ከዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ሰሞን አንድ አጥቢያ ስንዴ ሲገዛ ሬዲዮኖቹን አዘጋጅተን የሰጠነው እኛው ነበርን። አንዱ ሬዲዮ በሚዛን፣ ሁለተኛው በመኪናው፣ ሦስተኛው ከአንድ ኪሎ ሜትር በማይርቀው የደብሩ መጋዘን ነበረ። ስንዴው በባለ 50 ኪሎ ጆንያ የተሞላ ነበር። የመጀመሪያው ጭነት ሲነሣ በሚዛን ያለው ወንድማችን «ሃያ ሰባት» ብሎ አስተላለፈ፤ በመጋዘን ያለው መዝጋቢ «ሰባ» ብሎ ጻፈ። መኪናው ሲደርስ 27 ጆንያ ተራገፈ። 43 ጆንያ፣ ማለትም 2,150 ኪሎ ስንዴ፣ በአጭር መንገድ ላይ የጠፋ መሰለ። ሚዛን ላይ የነበረው «ሃያ ሰባት ነው ያልሁት» ሲል፣ መዝጋቢው «በጆሮዬ ሰባ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የማስረከቢያ ሰነዱ ከመጨረሻው ጭነት ጋር ይመጣል ተብሎ ስለ ነበር የሚያስታርቃቸው ወረቀት አልነበረም። ሾፌሩና ረዳቱ እስኪመሽ ድረስ ከግቢው በር ላይ ቆዩ። ሌባ ያላቸው ሰው የለም፤ ነገር ግን ማንም ዓይናቸውን አላያቸውም።

ማታ ሬዲዮኖቹን በሁለት ክፍል አድርገን ያንኑ ቃል ደጋግመን ሞከርነው። ከአምስት ጊዜ ሁለቱን «ሰባ» ሆኖ ተሰማ። የተናጋሪው አፍ ከመናገሪያው ቁልፍ ጋር እኩል ስለሚጀምር «ሃያ» ይቀራል፤ ቃሉ ሳያልቅ ጣቱ ስለሚነሣ የ«ሰባት» መጨረሻ «ት» ይቆረጣል። ሃያ ሰባት፣ ከፊትም ከኋላም ሲቆረጥ፣ ሰባ ይሆናል። በማግስቱ በሻጩ ዘንድ የቀረው ጆንያ ሲቆጠር ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ሾፌሩንም በኮሚቴው ፊት ይቅርታ ጠየቅነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ስጦታ በሚያደርስበት ጊዜ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት የታመኑ ወንድሞችን አብረው እንዲሄዱ ማድረጉን በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 እናነባለን። ይኸው ሐዋርያ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥8 ላይ፣ መለከት የማይታወቅ ድምፅ ከሰጠ ለጦርነት የሚዘጋጅ እንደማይኖር ያስተምራል። በእህል በረንዳ ሁለቱ ትምህርቶች ይገናኛሉ፤ ግልጽ ያልሆነ ድምፅ የታመነውን ሰው ያስነቅፋል።

ከመግዛት በፊት

ሥራው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ከሆነ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ ለሬዲዮ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂትም ቢሆን ለእህል ይዋል። ሬዲዮ የሚጠቅመው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች አንድ ቃል በአንድ ጊዜ መስማት ሲኖርባቸው፣ ሥራውም ቀኑን ሙሉ የሚውል ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈቃድ ነው፤ በዚህ ላይ ቸልታ አንመክርም። የሬዲዮ ሞገድ የአገር ሀብት ነው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገድን ያስተዳድራል፣ ይፈቅዳል፣ ይቆጣጠራል። ሬዲዮው በርካሽ ስለ ተገኘ ወይም ለመንፈሳዊ ሥራ ስለሚውል ከፈቃድ ነፃ አይሆንም። ጥያቄው በሰበካ ጉባኤው ስም በጽሑፍ ይቅረብ፤ የመሣሪያው ዓይነትና ብዛት፣ የሥራው ቦታና ምክንያት ይገለጽበት። ፈቃድ ሳይያዝ ሬዲዮ አይገዛ። ቀድሞ የተገዛ ካለም ተቆልፎ ይቀመጥ። አንዳንድ ኮሚቴዎች ይህን ስንነግራቸው ፊታቸው ይቀየራል፤ ነገር ግን በጭነት ቀን መሣሪያው ቢያዝ እህሉም ሰውም አብሮ ይጉላላል።

ሞገድን ስለ መሙላት

በገበያ የሚዘወተሩት ርካሽ ሬዲዮኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። ባኦፌንግ ቢኤፍ-888ኤስ መስኮት የሌለው፣ 16 ቻናል ያለው፣ በኮምፒውተር ብቻ የሚሞላ ነው። ዩቪ-5አር የሚባለው መስኮትና የቁጥር ቁልፎች ያሉት፣ 128 ቻናል የሚይዝ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። እኛ ግን ለአጥቢያ የመጀመሪያውን ቀላል ሬዲዮ እንመርጣለን፤ ቁልፍ የበዛበት ሬዲዮ በሥራ መካከል ሳይታሰብ ተነክቶ ወደ ሌላ ሞገድ ይሄዳልና።

እነዚህ ሬዲዮኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የተሞላባቸው ሞገድ አለ። ያ ሞገድ የእናንተ አይደለም፤ በአገራችን ለሌላ ሕጋዊ ተጠቃሚ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፋብሪካውን ቻናሎች በሙሉ አጥፍቶ በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ሞገድ ብቻ ማስገባት ነው። አንድ ሞገድ ከተፈቀደ አንድ ቻናል ብቻ ይሞላ፤ የቀሩት ባዶ ይሁኑ።

ለመሙላት ኮምፒውተር፣ ባለ ሁለት ጫፍ የፕሮግራም ገመድና ቺርፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሉ። ገመዱ እስከ መጨረሻው ካልገባ ንባቡ ይከሽፋል፤ አብዛኛው «ሬዲዮው ተበላሽቷል» የሚባለው ይኸው ነው። በርካሽ ገመዶች ውስጥ ያለው አስመስሎ የተሠራ ቺፕ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ እንቢ ሊል ስለሚችል ገመዱ ሲገዛ ይሞከር። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ አስቀድሞ በሬዲዮው ውስጥ ያለው ይነበባል፤ የተነበበው ሳይነካ በፋይል ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል፤ በመጨረሻ ተመልሶ ይጻፋል። የአንዱን ሬዲዮ ፋይል በቀጥታ በሌላው ላይ መጻፍ አይገባም፤ በውጭ አንድ የሚመስሉ ሬዲዮኖች በውስጣቸው የተለያየ ሶፍትዌር ሊኖራቸው ይችላል።

ሌሎቹን ማስተካከያዎች በተመለከተ፣ የመቀበያውና የማስተላለፊያው ሞገድ አንድ ይሁን፤ የቻናሉ ስፋት ፈቃዱ እንደሚለው 12.5 ወይም 25 ኪሎ ኸርዝ ይሁን። ቻናሉ በሌላ ሰው በተያዘ ጊዜ ማስተላለፍን የሚከለክለው ይከፈት። የአንድ ጊዜ ንግግር ጣሪያ 60 ሰከንድ ይሁን፤ ቁልፉ በጆንያ ሥር ተጫኖ ቢቀር ሁሉንም ሰው ዝም እንዳያሰኝ። ድምፅ ሲሰማ በራሱ የሚያስተላልፈው አሠራር ፈጽሞ ይዘጋ፤ በእህል በረንዳ ጩኸት ውስጥ ያ ሬዲዮ ደላላውን ሲያስተላልፍ ይውላል። ባትሪ ቆጣቢውም ይዘጋ። ይህን የምንለው በጸጸት ነው፤ ሬዲዮው በየቅጽበቱ እያንቀላፋ ስለሚነቃ የመጀመሪያውን ቃል ይበላል፤ በዚያ ቀን «ሃያ»ን ከበሉት አንዱ እርሱ ነበር።

ስለ «ምስጢራዊ ድምፅ» አንድ ነገር እንጨምር። ሻጮች «ይህን ኮድ ካስገባችሁ ማንም አይሰማችሁም» ይላሉ። እውነት አይደለም። ኮዱ ከ67.0 ኸርዝ ጀምሮ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ሲሆን የሌላውን ንግግር ከእናንተ ጆሮ ይከለክላል እንጂ የእናንተን ንግግር ከሌላው ጆሮ አይሰውርም። ስለዚህ የተረጂዎች ስም፣ የገንዘብ መጠንና ገንዘብ የያዘው ሰው ያለበት ቦታ በሬዲዮ አይነገር።

ስለ ተጓዳኝ ዕቃዎች

ገንዘብ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጆሮ ማዳመጫ ነው፤ በገበያው ውስጥ የሬዲዮው የራሱ ድምፅ ማጉያ አይሰማም። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ሬዲዮ አንድ ትርፍ ባትሪ። ሦስተኛው የቆዳ ወይም የሸራ መያዣ ነው፤ የጤፍ ብናኝ ወደ ማይኩ ቀዳዳና ወደ ባትሪው መገናኛ ይገባልና በየቀኑ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ።

አንቴና በርዝመቱ አይመረጥም። የአንቴና ርዝመት ከሞገዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ450 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ሩብ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በ150 ሜጋ ኸርዝ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለአንዱ የተሠራ ረጅም አንቴና ለሌላው ከአጭሩ ሊብስ ይችላል። አንቴና ሳይታሰር የመናገሪያ ቁልፍ አይጫን፤ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥርም አያማልል። ቆርቆሮና ኮንክሪት በበዛበት ቦታ የኃይል መጨመር ጥቂት ይረዳል፤ ወደ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ መውጣት ግን ብዙ ይረዳል።

ባትሪ በእህል መጋዘን ውስጥ አይሞላ፣ አይቀየርም። በተዘጋ ክፍል አየር ላይ የተንሳፈፈ የእህል ብናኝ ብልጭታ ሲያገኝ ሊቀጣጠል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ እነዚህ ርካሽ ሬዲዮኖችም ለእንዲህ ያለ ቦታ የተሠሩ አይደሉም። ቻርጀሩ ከመጋዘኑ ውጭ፣ ሰው ባለበት ክፍል ይሁን፤ ሌሊቱን ተሰክቶ አይደር።

ስለ አነጋገር

ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሰከንድ ያህል መቆየት፣ መናገር፣ ተናግሮ ከጨረሱ በኋላም ጥቂት ቆይቶ መልቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። በቋንቋችን ስድስትና ስድሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ፣ ዘጠኝና ዘጠና በድምፅ ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ቁጥር በአኃዝ በአኃዙ ይጠራ፦ ሃያ ሰባት አይባልም፤ «ሁለት፣ ሰባት» ይባላል። ሰባም «ሰባት፣ ዜሮ» ይባላል። ተቀባዩ የሰማውን መልሶ ይናገር፤ ላኪው «ልክ ነው» ሳይል በመዝገብ አይጻፍ። ለምሳሌ፦

«መጋዘን፣ ሚዛን ነኝ። አንደኛው ጭነት፣ ሁለት፣ ሰባት ጆንያ። ይድገሙልኝ።»

«ሚዛን፣ መጋዘን ነኝ። አንደኛው ጭነት፣ ሁለት፣ ሰባት ጆንያ።»

«ልክ ነው። አበቃሁ።»

መጠሪያው ቦታው እንጂ ሰውየው አለመሆኑን ልብ ይሏል። ይህ የተደረገው ለምክንያት ነው። አባቶችን በሙሉ ማዕረጋቸው እየጠሩ፣ ቡራኬ ተቀብሎ፣ ደኅንነት ተጠያይቆ ወደ ቁጥሩ እስኪደረስ መኪናው መጋዘን ይደርሳል። «ሚዛን» ሲባል ግን አክብሮቱ በ«ይድገሙልኝ» ውስጥ ይጠበቃል፤ ጊዜውም ይተርፋል። አንድ ኮሚቴ ጣቢያዎቹን በመላእክት ስም እንሰይማቸው ብሎን ነበር፤ «ገብርኤል ባትሪው አልቋል» መባሉ እንደማይቀር ስናስረዳ ሐሳቡን ተወው።

ሬዲዮ ሰነድን አይተካም። እያንዳንዱ ጭነት የራሱን ሞዴል 22 ይዞ ይነሣ፤ መጋዘኑም ለእያንዳንዱ ሞዴል 19 ይቁረጥ። በሬዲዮ የመጣው ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ፤ በሰነድና በቆጠራ ሲረጋገጥ ብቻ በቀለም ይጸናል። ሁለቱ ሳይገጥሙ ቢቀሩ በቅድሚያ የሚመረመረው ሬዲዮው ነው፤ ሾፌር፣ ረዳት ወይም ተሸካሚ ከበር ላይ ከመቆሙ በፊት።

ከጭነቱ ቀን በፊት በነበረው ምሽት ሬዲዮኖቹ በሦስት ክፍል ይቀመጡ፤ የሚሠሩባቸው ሰዎች ራሳቸው ከአንድ እስከ መቶ ካሉት ቁጥሮች ሃያውን እየመረጡ ይላላኩ፤ የተላከውና የተጻፈው ዝርዝር ጎን ለጎን ይታይ። ሃያውም ካልገጠመ ልምምዱ ይደገም።