እምነትና ማስረጃ፤ ስለ ዓለም አጀማመር ከአባ ለሜትር የምንማረው

ወጣቶች ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ዘወትር ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ የዓለምን አጀማመር የሚመለከት ነው። በትምህርት ቤት፣ ዓለም ከ13.8 ቢልዮን ዓመታት ገደማ በፊት እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ እንደ መጣ ይማራሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እግዚአብሔር የሁሉ ፈጣሪ መሆኑን ይሰማሉ። «የትኛውን እንቀበል?» ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የችኮላ መልሶች ሲሰጡ ይታያል። አንዳንዶች «ሳይንሱ የእምነት ጠላት ነውና አትስሙት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «እነሆ፣ ሳይንስ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል አረጋገጠ» በማለት ይደሰታሉ። ሁለቱም መልሶች እምነትን ይጎዳሉ። ይህን ለመረዳት የንድፈ ሐሳቡን መሥራች፣ የካቶሊካዊውን ካህን የአባ ዦርዥ ለሜትርን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካህንና ተመራማሪ

አባ ለሜትር በ1894 በቤልጅየም አገር ተወለዱ። በ1923 ማዕርገ ክህነት ተቀብለው በሉቫን ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1927 ባሳተሙት ጥናት፣ በአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድና ሩቅ ያሉት ጋላክሲዎች ከእኛ የሚርቁት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ አስረዱ። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል፣ ጋላክሲዎች በራቁ መጠን የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር በምልከታ አሳየ። አባ ለሜትር በ1931 ሐሳባቸውን አስፋፍተው፣ የዓለም ቁስ ሁሉ በመጀመሪያ በአንድ ታምቆ እንደ ነበር ጻፉ። በ2018 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር አባላት በድምፅ ብልጫ፣ የሀብል ሕግ ይባል የነበረው «የሀብልና የለሜትር ሕግ» ተብሎ እንዲጠራ ወስነዋል።

ግትርነት በየትኛው ወገን ነው?

በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ዶግማ ማለት እግዚአብሔር የገለጠው፣ ቤተ ክርስቲያንም በሥልጣኗ ለምእመናን የምታስተምረው እውነት ነው። በተለምዶ አነጋገር ግን ቃሉ ማስረጃን የማይሰማ ግትር አቋም ማለት ሆኗል። እንዲህ ያለው ግትርነት በሃይማኖት ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አይንስታይን በ1917 ዓለም የማይሰፋና የማይጠብ ሆኖ እንዲቆም በስሌቱ ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ነበር። በ1927 ከአባ ለሜትር ጋር በተገናኘ ጊዜም ስሌታቸውን ሳይነቅፍ የዓለምን መስፋት አልቀበልም አለ። ዓለም አይለወጥም የሚለው አስተሳሰብ ግን በማስረጃ የጸና አልነበረም።

በ1948 ፍሬድ ሆይል፣ ሄርማን ቦንዲና ቶማስ ጎልድ በእንግሊዝ አገር ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። በእነርሱ አባባል ዓለም መጀመሪያ የለውም፤ እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ቁስ ስለሚገኝ መልኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም በ1949 በሬድዮ የተናገረው ይኸው የተቃዋሚው ወገን መሪ ሆይል ነው። በዚያ ዘመን «መጀመሪያ» የሚለው ቃል ሃይማኖትን ስለሚያስታውሳቸው ብቻ የሸሹት ነበሩ፤ በዚሁ ምክንያት ብቻ የወደዱትም ነበሩ። ሁለቱም ከማስረጃው በፊት ፍርድ ሰጡ።

ክርክሩን የፈታው ግን መለኪያ ነው። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በአሜሪካ አገር አንቴናቸውን ወደየትም ቢያዞሩ የማይጠፋ ደካማ ጨረር አገኙ፤ በ1965ም ውጤቱን አሳተሙ። ይህ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ገደማ የሚለካ ጨረር የጥንቱ ዓለም ሙቀት ቅሪት ነው። ዜናው በሕመም ላይ ለነበሩት አባ ለሜትር፣ በሰኔ 1966 ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ደረሳቸው።

የአባ ለሜትር ጥንቃቄ

ኅዳር 22 ቀን 1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር፣ አዲሱ የሥነ ፈለክ ግኝት ለዓለም መፈጠር እንደሚመሰክር አድርገው ተናገሩ። የአካዳሚው አባል የነበሩት አባ ለሜትር በዚህ እንደሚደሰቱ ይገመት ይሆናል፤ እርሳቸው ግን አሳሰባቸው። ንድፈ ሐሳቡ ገና ሊታረም ወይም ሊተው የሚችል ነበርና። በ1952 ቅዱስነታቸው በሮም ለተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያንን ማያያዝ አልደገሙትም። አባ ለሜትርም ንድፈ ሐሳባቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የቆመ መሆኑን በ1958 በግልጽ ተናግረዋል።

ይህ አቋም እምነትን መደበቅ አይደለም። በ1215 የተደረገው 4ኛው የላተራን ጉባኤ፣ እግዚአብሔር ሁሉን በዘመን መጀመሪያ ከምንም እንደ ፈጠረ አስተምሯል፤ ይህን እናምናለን። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በዚያው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ፣ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው የምናውቀው በእምነት እንጂ በአእምሮ ማረጋገጫ እንዳልሆነ አስተምሯል፤ በደካማ ማስረጃ እምነትን ለማስረዳት መሞከር የማያምኑትን እንደሚያስቅም አስጠንቅቋል። ፍጥረት ማለት የመጀመሪያዋ ቅጽበት ብቻ አይደለም። ያለው ሁሉ በየቅጽበቱ ህላዌውን ከእግዚአብሔር መቀበሉ ነው። ዓለም እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ ቴሌስኮፕ ይነግረናል፤ ስለ ምን ከነአካቴው እንደ ኖረ ግን ቴሌስኮፕ አይጠየቅም።

በተውሶ ምሰሶ የቆመ ቤት

ዛሬም ክርክሩ አላበቃም። የዓለም መስፋት ፍጥነት ከጥንታዊው ጨረር ሲሰላ 67፣ ከከዋክብት ርቀት ሲለካ ደግሞ 73 ገደማ ይሆናል (በሴኮንድ ኪሎ ሜትር፣ በየ3.26 ሚልዮን የብርሃን ዓመት ርቀት)። የልዩነቱ ምክንያት ገና አከራካሪ ነው። እምነቱን በአንድ ንድፈ ሐሳብ ላይ ያቆመ ወጣት እንዲህ ያለውን ዜና ሲሰማ ይደነግጣል፤ በተውሶ ምሰሶ የቆመ ቤት ባለቤቱ ምሰሶውን የወሰደ ዕለት ይወድቃልና። ቤተ ክርስቲያን ይህን በብዙ ዋጋ ተምራዋለች። በ1633 በጋሊሌዮ ላይ የተፈረደው እምነት ከአሮጌ ሥነ ፈለክ ጋር በመታሰሩ ነበር፤ በ1992 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የዘመኑን የነገረ መለኮት ሰዎች ስሕተት በይፋ ገልጸዋል። እርሳቸውም በ1988 ለቫቲካን የሥነ ፈለክ ማዕከል ዳይሬክተር በጻፉት መልእክት፣ ቢግ ባንግን ለእምነት መከላከያ በችኮላ ከመጠቀም እንድንቆጠብ መክረዋል። ከአዲስ ሥነ ፈለክ ጋር መታሰርም ያው እስራት ነውና።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ስለዚህ ተማሪው ሲጠይቀን ከሦስት ነገሮች እንጠንቀቅ። የተረጋገጠውን ማስረጃ አንካድ፤ እውነት ሁሉ ከአንድ አምላክ ነውና። ንድፈ ሐሳቡንም የዘፍጥረት ማረጋገጫ አድርገን አናቅርብ። የማናውቀውን የሳይንስ ጥያቄ ደግሞ የምናውቅ መስለን አንመልስ፤ ወደ ሳይንስ መምህሩ መላክ ውርደት አይደለም። አባ ለሜትር ጠዋት መሥዋዕተ ቅዳሴ የሚያሳርጉ፣ ቀን በስሌት የሚደክሙ ካህን ነበሩ፤ አንዱን በሌላው አልደገፉም፤ አንዱንም ስለ ሌላው አልተዉም። ፍጥረቱን የምንመረምርበትን አእምሮ የሰጠን እግዚአብሔር፣ በትሕትና እንድንመረምርና በጽናት እንድናምን ይርዳን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ዶግማ የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያንና በተለምዶ አነጋገር ያለው ትርጉም በምን ይለያያል?
2. አባ ለሜትር ንድፈ ሐሳባቸው የእምነት ማረጋገጫ እንዲሆን ያልፈለጉት ለምንድን ነው?
3. ቢግ ባንግ ነገ በሌላ ንድፈ ሐሳብ ቢተካ፣ ስለ ፍጥረት ከምናምነው ምን ይለወጣል?