ይቅር ካልሁት ዋስም ልሁነው?

ጥያቄው

ከሐረር ጁገል ጥንታዊ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር ገበያ የሚነግድ አንድ ክርስቲያን እናስብ። እቁብ ውስጥ ለባልንጀራው ዋስ ሆነ። ባልንጀራው ገና በጊዜ ዕጣ ወጣለት፤ ብሩን ተቀብሎ መክፈሉን ተወ። ቀሪውን ዋሱ ከኪሱ ከፈለ። ከዓመት በኋላ ያ ሰው መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ይቅር ሊለው እንደሚገባ ያውቃል፤ ግን እንደገና ዋስ ይሁነው?

ይቅርታ ቀጠሮ የለውም

ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ቂም ይዞ ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ የለም። ስለዚህ ቂሙ ዛሬውኑ ይውጣ፤ ዕዳው እስኪከፈል አይጠበቅም።

ይሁዳና ጴጥሮስ

በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የምንተወው ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠ ነው። ይሁዳ ሠላሳውን ብር መልሷል፤ በደሉንም አምኗል። ያጣው ወደ ጌታው መመለስን ነው። በዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ተመለሰ። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹን አደራ የሰጠው እየጠየቀ ነው። ይቅር የተባለ ሰው ቢጠየቅ አይከፋው።

ሐረር ያየችው ክህደት

ኢትዮጵያና ጣሊያን ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ፈረሙ። ስምንት ዓመት ሳይሞላው፣ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። በሐረር ያደጉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ካሳው ግን አልተተወም፤ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። በቀሉን መከልከልም ካሳውን መጠየቅም ተገቢ ነበር።

ለነጋዴው

ይቅር በለው፤ አብረህ ብላ፤ ስሙን በገበያው አታንሳ። እቁብ ልግባ ካለ ግን ሌላ ዋስ ይጥራ፤ የመጨረሻውንም ዕጣ ይውሰድ። እንዲህ መባሉ ሊከብደው ይችላል፤ ንስሐው እውነተኛ ከሆነ ይታገሣል። እምነት የሚመለሰው ሰውየው በየሳምንቱ ሲከፍል ታይቶ ነው።

ከገንዘብ የከበደም አለ። የንስሐ አባቶችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ የተደበደበችን ሚስት «ይቅር በዪው» ብላችሁ ወደዚያው ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ዋሷ ማን እንደሆነ ጠይቁ።