ጥርስ ማውጫውን አስቀምጠው

ቆይ ወንድምዓለም፣ እጅህን አንሳ። ያንን ጥርስ ማውጫ ከማስገባትህ በፊት የብሎኑን ቀዳዳ በባትሪ አይተኸዋል? ቀዩ ዝገት ነው። ጥቁሩ የካቴና ቅባት ከሐምሌ ጭቃ ጋር ተጋግሮ ነው። ዳር ዳሩን የያዘው ሰማያዊ ደግሞ አምና የሞተር ሳይክልህን የኋላ ሹካ ስታስቀባ ቀዳዳዎቹን ክፍት ትተህ የገባ ቀለም ነው። ሌላ ጊዜ ከማስቀባትህ በፊት ግራሶ የተቀባ አሮጌ ብሎን አስገባበት፣ ቀለሙ ሲደርቅ ፈተህ ታወጣዋለህ። ለዛሬው ግን አብሽር፣ ጥርሱ አለ፤ አንተ የምታየው ከላዩ ያለውን ቆሻሻ ነው።

ደሴ ፒያሳ ላይ ብሎን እምቢ ባለ ቁጥር ፍርዱ አንድ ነው፦ «ተበልቷል፣ ይሰፋ»። ስድስት ሚሊ ሜትሩ ስምንት ይሆናል፣ ከርሞ ስምንቱ አስር ይሆናል፤ የሹካው ብረት ግን አይጨምርም። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ዙሪያው ይሳሳል፣ በመጨረሻ ብየዳ ይመጣል፣ ከብየዳ በኋላ ደግሞ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ስለመሄዱ ማንም ዋስ አይሆንህም። ጥርስ ማውጫ ቢላዋ ነው፣ መጥረጊያ አይደለም። ትንሽ አጋድለህ ካስገባኸው ደህናውን ጥርስ ቆርጦ የራሱን መንገድ ያወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ። ቤንዚን አይሆንም፣ ጎረቤትህ እየበየደ ነው። ዝገቱ ከጠና አፍስሰህበት እስከ ነገ ተወው፤ አንድ ሌሊት የሚሠራውን ጉልበት አይሠራውም። ከዚያ በቀጭን የሽቦ ብሩሽ እያሽከረከርክ ፈልፍለህ አውጣው። ጎሚስታው ጋ ሄደህ አየር አስነፋበት፣ ግን ዓይንህን ሸፍን፤ ወዲያ በኩል ያልተበሳ ቀዳዳ የነፋህበትን ሁሉ ወደ ፊትህ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ቋጥረህ ብሎን እንዳታስር። ዘይት አይጨመቅም፤ ብሎኑ የጠበቀ ይመስልሃል እንጂ አልጠበቀም፣ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ከሁሉም የምወዳትን መሣሪያ ላሳይህ። ልኩ ትክክል የሆነ ደህና ብሎን ሞርሳ ላይ እሰር፣ በሴጌቶ ከጫፉ ጀምረህ በቁመቱ አንድ ሁለት ቦታ ሰንጥቀው፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው። ዘይት ቀባና በእጅህ አስገባው። እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ይፍቃል፣ የፋቀው ስንጥቁ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ብረት ግን አይቆርጥም። ሲከብድህ መልሰው፣ ጥረገው፣ እንደገና አስገባ። ዋጋው የአንድ ብሎን ዋጋ ነው፤ ብዙውን «ተበልቷል» የተባለ ቀዳዳ ያድናል።

«ልኩ ትክክል» ስልህ ዝም ብዬ አይደለም። ከሕንጻ መሣሪያ መደብር የምትገዛው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተር ሳይክል ላይ የምታገኘው ባለ 10 ግን ብዙውን ጊዜ 1.25 ነው። ውፍረታቸው አንድ ነው፣ መንገዳቸው ግን ለየብቻ ነው። አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ አንተ «ዝገት ነው» ብለህ በቺያቬ ትገፋዋለህ፣ ያኔ ነው ጥርሱ የእውነት የሚበላው። የኢንቹ ደግሞ የባሰ ነው፦ 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ8 ጋር በዓይን አይለይም። ስለዚህ አሮጌውን ብሎን ይዘህ ሂድ። ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን አጣብቀህ ወደ ብርሃን አንሳቸው። ጥርስ ከጥርስ ገብቶ በመሃል ብርሃን ካላሳለፈ ግዛ። ባለ ሱቁ «ያው ነው» ቢልህ ሳቅና መልስለት።

ጥርሱ የእውነት ከሄደስ? ያኔ ጥርስ ማውጫውን አንሳ፤ ከእሱ በፊት ግን ብሳ፦ ለ6 ባለ 5 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ ለ8 ባለ 1.25 ደግሞ 6.8። በእጅ የሚሠራበት ጥርስ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆኖ ይሸጣል፤ ጫፉ በጣም ከሾለው ትጀምራለህ፣ ባልሾለው ትጨርሳለህ። ዘይት እየጨመርክ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ ፍቅፋቂው እንዲሰበር። ቀጥ ማለቱን ከፊትም ከጎንም እየው። አታስገድደው። ውስጥ ከተሰበረ ተራ የትራፓኖ መብሻ አይበሳውም፣ ከመብሻው እኩል የጠነከረ ብረት ነው፤ ያኔ የአሥር ደቂቃው ሥራ የቶርኖ ቤት ጉዳይ ይሆናል። ሹካው አሉሚኒየም ከሆነ ከማስፋት ይልቅ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የሽቦ ጥርስ አስገብተህ ልኩን ባለበት ማቆየት ይሻላል።

አሁን ይህን ሁሉ ተወውና ወደዚህ ና። የካቴና ሽፋኑ ብሎን ቢወልቅ ሲንኳኳ ትሰማዋለህ፣ ቆመህ ታስረዋለህ። ይቺን ግን እያት፦ የኋላ ፍሬኑን ሳህን ከሹካው ጋር የምታያይዘው ጠፍጣፋ ብረት። ፍሬን ስትረግጥ ሳህኑ ከጎማው ጋር ልዙር ይላል፤ የሚከለክለው ይሄ ብረት ነው፣ ብረቱን የሚይዘው ደግሞ በአንድ ጫፍ አንድ ብሎን። እሱ ከወለቀ ሳህኑ ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ይጠመዝዛል፣ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርድ፣ ከኋላህ ዕቃ ተጭኖ፣ ፊት ለፊትህ አይሱዙ እየወጣ፣ ፍሬን ሳትረግጥ የምታልፈው ኩርባ የለም። ያ ሁሉ ጉልበት በዚህች ብሎን ያልፋል።

ለዚህች ብሎን ታዲያ ፈውስ አትፈልግላት። ጥርሷ ከተነካ አትፋቃት፣ ጣላትና አዲስ ግዛ፤ ዳዶውንም አብረህ። ቀዳዳ ያላት ከሆነች ማገጃ ሽቦዋን አዲስ አስገባ፣ አጣጥፋት፤ አሮጌዋን አቃንቶ መመለስ ቁጠባ አይባልም። በምስማር የተኩትንም አይቻለሁ፤ ምን ልበል፣ አላህ ያውቅላቸው።

ስትመልስ ሁሉንም መጀመሪያ በጣትህ አስገባ። ሦስት አራት ዙር በጣት ያልገባ ብሎን ቺያቬ አያይም፣ ጨርሰናል። ጥርሱ ላይ ግራሶ ስስ አድርገህ ቀባ፣ የደሴ ዝናብ እንዳያዘግተው፤ ግራሶ ያለበት ብሎን ግን በትንሽ ጉልበት ብዙ ይጠብቃልና ክንድህን ቀንስ። ባለ 6ቱን በአጭር ቺያቬ፣ በእጅ አንጓ ብቻ። ረጅም ቧንቧ ሰክተህበት ባይህ አልምርህም።

ካሰርክ በኋላ ከዳዶው እስከ ሹካው አንዲት ቀጭን መስመር አስምርበት። ኮምቦልቻ ስትደርስ ጎንበስ ብለህ እያት፤ መስመሯ ከተዛነፈች ዳዶው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ሳታስር እንዳትመለስ። ለማስመሪያ የኔን የጥፍር ቀለም ውሰድ፣ ቀዩን፣ መሳቢያው ውስጥ ነው። ክዳኑን ግን ግጠመው።